ፓኬጁ ውስጥ ምን ገባ? ስለ ፋይል ዝርዝር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሶፍትዌር ጽፎ መጨረስ አንድ ነገር ነው፤ ፓኬጅ አድርጎ ሰው እጅ ማድረስ ሌላ። ብዙ ሰው የሚሰናከለውም ከባዱ ቦታ ላይ አይደለም። "የትኞቹ ፋይሎች ይግቡ?" የሚለው ተራ ጥያቄ ላይ ነው። ከታች ያሉት በፓይተን፣ በኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከፋፈያ)፣ በአርፒኤም (የፌዶራና የመሰል ሊነክሶች ፓኬጅ)፣ በዴቢያን ሊነክስና በመሳሰሉት ላይ ዘወትር የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ዝርዝሩን ማሽን ያውጣው፣ ሰው ያንብበው። ሰው ብቻ ከጻፈው ይረሳል፣ ማሽን ብቻ ካወጣው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይጠቀልላል።

የፋይል ዝርዝር የምትሉት የቱን ነው?

ሦስት ዝርዝሮች አሉ። ግራ መጋባቱ የሚጀምረውም ሦስቱን እንደ አንድ ከማየት ነው።

የመጀመሪያው ሶርስ ኮዱ ተጠቅልሎ ሲወጣ አብረው የሚወጡት ፋይሎች ናቸው። ፓይተን ላይ ኤስዲስት ይባላል፣ በሲ በተጻፉ ፕሮጀክቶች ዘንድ ታርቦል። ሁለተኛው ቢልድ ተደርጎ (ከሶርስ ኮዱ ለመጫን ዝግጁ ሆኖ ተሠርቶ) ተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚራገፈው ፓኬጅ ውስጥ ያለው ነው፤ ዊል በሉት፣ አርፒኤም በሉት፣ ዴብ በሉት። ሦስተኛው ደግሞ ከተጫነ በኋላ ፓኬጅ ማኔጀሩ "እነዚህ የዚህ ፓኬጅ ናቸው" ብሎ የሚመዘግበው ነው። አንኢንስቶል ሲደረግ የሚታየው ይሄኛው ነው።

አንድ ፋይል አንደኛው ውስጥ ኖሮ ሌላው ውስጥ ላይኖር ይችላል፣ ብዙ ጊዜም እንደዚያ መሆን አለበት። ስለዚህ "ፋይሌ ጠፋ" ከማለታችሁ በፊት ከየትኛው ዝርዝር እንደጠፋ እዩ።

እኔ ጋ በደንብ ይሰራል፣ የጫነው ሰው ግን "ፋይሉ አልተገኘም" ይለዋል። ለምን?

እናንተ የምታስኬዱት ከፕሮጀክቱ ፎልደር ነዋ። እዚያ ሁሉም ፋይል አለ። ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ቅጽ፣ ምስል፣ የጄሰን ፋይል ሁሉ አጠገቡ ያገኛል፤ የጫነው ሰው ጋ ግን ያለው ፓኬጁ ውስጥ የገባው ብቻ ነው።

ፓይተን ላይ ይሄ የታወቀ ጣጣ ነው። ሴታፕቱልስ የሚባለው የፓይተን ፓኬጅ መሥሪያ የፓይተን ኮድ ፋይሎችን ራሱ ፈልጎ ይወስዳል፣ ሌላውን ግን ካልነገራችሁት አያውቅም። መንገር የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ፓኬጅ ዳታ የሚባለው ቦታ ላይ የፋይሎቹን ዓይነት መጻፍ ነው። ሌላው ማኒፌስት ዶት ኢን ውስጥ አስገብቶ ኢንክሉድ ፓኬጅ ዳታ የሚለውን ማብራት ነው። እዚህ ላይ የምታጠምድ ነገር አለች፦ ቅንብሩን በፓይፕሮጀክት ዶት ቶምል ከጻፋችሁት ይሄ ማብሪያ ከመነሻው በርቶ ነው የሚጠብቃችሁ፣ በድሮው ሴትአፕ ዶት ፒዋይ ከጻፋችሁት ግን ጠፍቶ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ፕሮጀክት ላይ የሠራው ነገር ሌላው ላይ ዝም ሊል ይችላል። ደግሞም ማኒፌስት ዶት ኢን በዋናነት የሚያዘው ኤስዲስቱን ነው። ከፓኬጁ ፎልደር ውጪ ያለ ፋይል እዚያ ስለተጻፈ ብቻ ዊሉ ውስጥ አይገባም።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ? ዊል ማለት ስሙ የተቀየረ ዚፕ ነው። እንደማንኛውም ዚፕ ዝርዝሩን አውጡና አንብቡ። ቀጥሎ ንጹህ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለብቻው የተለየ የፓይተን መጫኛ ቦታ) ፍጠሩ፣ ዊሉን ጫኑ፣ ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውጡና ሌላ ቦታ ሆናችሁ አስኪዱት። ውጡ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ፓይተን አብዛኛውን ጊዜ የቆማችሁበትን ፎልደር ቀድሞ ስለሚያይ የተጫነውን ትቶ የእናንተን ኮድ ሊጠራ ይችላል፣ እናንተም "ሠራ!" ብላችሁ ትለቁታላችሁ። ኮዱን ኤስአርሲ የሚባል ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጡ ፕሮጀክቶች የበዙት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ፋይሉን ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ፣ ፓኬጁ ውስጥ ግን አሁንም አለ። ምን ዓይነት ጉድ ነው?

ጉዱ የድሮ ቢልድ ትራፊ ነው። ሴታፕቱልስ ቀድሞ የሠራውን ዝርዝር ኤግ ኢንፎ በሚባል ፎልደር ውስጥ ሶርስስ ዶት ቲኤክስቲ ብሎ ያስቀምጠዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜም መልሶ ያነበዋል። ቢልድ የሚባለው ፎልደር ውስጥም የድሮ ኮፒ ይቀራል፣ እሱም ሳይጠራ ዊሉ ውስጥ ይገባል።

ሁለቱንም ፎልደር አጥፉና እንደገና ቢልድ አድርጉ። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ሪሊዝ የሚወጣውን ነገር ከሥራ ፎልደራችሁ ጨርሶ አለማውጣት ነው። ሪፖውን (ጊት ላይ ያለውን የኮድ ማስቀመጫ) አዲስ ቦታ ላይ ክሎን አድርጋችሁ ከዚያ ቢልድ አድርጉ።

በኮከብ ምልክት (*) ሁሉንም ልውሰድ ወይስ አንድ በአንድ ልጻፍ?

ብዙ ጭቅጭቅ ያለበት ጥያቄ ነው፣ ሁለቱም ወገን ደግሞ እውነት አለው።

ኦቶሜክና ሲሜክ ሲንና መሰል ቋንቋዎችን ቢልድ ማድረጊያ መሣሪያዎች ናቸው። ኦቶሜክ ሆን ብሎ ኮከብ ምልክት አይቀበልም፤ እያንዳንዱን ሶርስ ፋይል በስሙ ጻፉ ይላል። ሲሜክ ይፈቅዳል፣ ግን የራሱ መመሪያ የሶርስ ፋይሎችን በግሎብ (በኮከብ ምልክት) መሰብሰብን አይመክርም። ምክንያቱም አዲስ ፋይል ስትጨምሩ የቢልድ ቅንብሩ ፋይል ላይ ምንም ለውጥ ስለማይኖር፣ ቢልዱ እንደገና መዘጋጀት እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ የለም። ኮንፊገር ዲፔንድስ የሚል ማሻሻያ መጥቷል፣ እሱም ቢሆን በሁሉም የቢልድ መሣሪያ ላይ እንደሚሠራ ዋስትና አይሰጥም።

በሌላ በኩል ሦስት መቶ ምስል ያለበትን ፎልደር አንድ በአንድ ጻፉ ማለት ሰውን ማሰቃየት ነው። ማንም አያነበውም፣ ማንም ያላነበበው ዝርዝር ደግሞ ከሌለው አይሻልም።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ተጠቃሚው የሚያስኬደው ወይም ሌላ ፕሮግራም የሚደገፍበት ፋይል በስሙ ይጻፍ፦ ትዕዛዞች፣ ላይብረሪዎች፣ የሰርቪስ ፋይሎች። ብዛት ያለውና ቢጨመርም ቢቀነስም የሌላ ሰው ሥራ የማያፈርሰው በፎልደር ይግባ፦ ምስሎች፣ ትርጉሞች፣ ሰነዶች። የፌዶራ ሰዎች የላይብረሪን ዋና የቨርዥን ቁጥር በኮከብ ምልክት አትሸፍኑ የሚል መመሪያ አላቸው፣ ነገሩም ከዚህ ጋር አንድ ነው። ቁጥሩ ከ3 ወደ 4 ሲቀየር በዚያ ላይብረሪ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ እንደገና ቢልድ መደረግ አለበት። ቁጥሩ በግልጽ ከተጻፈ ቢልዱ ይቆማል፣ ሰውየውም ያያል። ኮከብ ምልክት ካለ ግን ማንም ሳያውቅ ያልፋል፣ የሚታወቀው የሰው ሰርቨር ላይ ነው።

"ይሄን አስገባ" ይሻላል ወይስ "ይሄን አታስገባ"?

"አስገባ" ይሻላል። አንድ ፋይል ብትረሱ ፕሮግራሙ ይበላሻል፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሰው ይነግራችኋል። "አታስገባ" ላይ ብትረሱ ግን ፓስወርድ ያለበት ፋይል ለዓለም ይበተናል፣ ማንም ላይነግራችሁ ይችላል።

ኤንፒኤም ላይ ኤንፒኤም ኢግኖር ልጠቀም ወይስ ፋይልስ የሚለውን?

ፋይልስ የሚለውን። ፓኬጅ ዶት ጄሰን ውስጥ "እነዚህን ብቻ ውሰድ" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ አለቀ።

ኤንፒኤም ኢግኖር፣ "እነዚህን አታስገባ" የሚባልበት ፋይል፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ጠባይ አለው። እሱ ከሌለ ኤንፒኤም የጊት ኢግኖርን ፋይል (ጊት እንዲዘላቸው የተባሉትን ዝርዝር) ያነባል። እሱ ካለ ግን የጊት ኢግኖርን ጨርሶ አያየውም፤ ይተካዋል እንጂ አይጨመርበትም። ስለዚህ ዶት ኢንቭ የሚባለው የሚስጥር ፋይላችሁ ጊት ኢግኖር ውስጥ ስላለ ተረጋግታችሁ እየኖራችሁ ሳለ አንድ ቀን የቴስት ፎልደሩን ለማስቀረት ብቻ አንድ መስመር ያለበት ኤንፒኤም ኢግኖር ትፈጥራላችሁ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዶት ኢንቭን የሚከለክል የለም። ተቃራኒውም አለ። ቢልዱ የሚወጣበት ፎልደር ጊት ኢግኖር ውስጥ ከሆነና ሌላ ምንም ካልጻፋችሁ፣ ፓኬጁ ዋናውን ኮድ ሳይዝ ባዶውን ይወጣል።

አንዳንድ ነገሮች ደግሞ የእናንተን ምርጫ አይጠይቁም። ፓኬጅ ዶት ጄሰን፣ ሪድሚ፣ ላይሰንስ እና ሜይን ተብሎ የተጠቀሰው ፋይል ሁልጊዜ ይገባሉ። የጊት ፎልደርና ኤንፒኤምአርሲ አይገቡም። ከመልቀቃችሁ በፊት ኤንፒኤም ፓክን በድራይ ረን አስኪዱት፣ የሚገባውን ከነመጠኑ ይዘረዝርላችኋል። ረስት ላይ ካርጎ ፓኬጅን ከሊስት ጋር ማስኬድ ያንኑ ይሠራል።

ሚስጥር ያለበት ፋይል አብሮ ወጣብኝ። አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ቁልፉን ወይም ፓስወርዱን ቀይሩ። ፓኬጁን ለማጥፋት አትሩጡ፣ እሱ ሁለተኛ ነው። አንዴ የወጣ ፓኬጅ በደቂቃዎች ውስጥ በሚረሮችና በካሾች (ኮፒ በሚይዙ ሌሎች ሰርቨሮች) ይገለበጣል፣ ከእናንተ እጅ ወጥቷል።

ከዚያ አዲስ ቨርዥን አውጡ። ያንኑ ቁጥር አስተካክላችሁ መልሳችሁ መጫን አትችሉም፦ ኤንፒኤም አንዴ ጥቅም ላይ የዋለ የስምና የቨርዥን ጥምረት ቢጠፋ እንኳን ድጋሚ አይቀበልም፣ የፓይተኑ ፓኬጅ ማከማቻ ፓይፒአይም ያንኑ የፋይል ስም ሁለተኛ አያስገባም። ፓይፒአይ ላይ ያንክ የሚባለው ነገር ደግሞ ማጥፋት አይደለም። ቁጥሩን ለይቶ ካልጠየቀ በቀር አዲስ የሚጭን ሰው እንዳይደርሰው ያደርጋል እንጂ ፋይሉ እዚያው ነው።

ጊት ላይ ያለውና ታርቦሉ ውስጥ ያለው አንድ መሆን አለበት?

አንድ ላይሆን ይችላል፣ ልዩነቱ ግን ተቆጥሮ መታወቅ አለበት። ለምን እንደሆነ 2024 ላይ ሁሉም በደንብ ተምሮታል።

መጋቢት 29 ቀን 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኤክስዜድ የሚባለው የመጭመቂያ ሶፍትዌር 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ ተንኮል እንዳለ ይፋ አደረገ። የጀመረው ኤስኤስኤች ሎጊን (ከርቀት ወደ ሰርቨር መግቢያ) ላይ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አይቶ "ምንድን ነው ይሄ?" ብሎ ነው። ተንኮሉ የተሸፈነበት መንገድ ነው ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው። ክፉው ኮድ ራሱ ለቴስት ተብለው ሪፖው ውስጥ በተቀመጡ የተጨመቁ ፋይሎች ውስጥ ነበር። እነሱን ፈትቶ ቢልዱ ውስጥ የሚከተው ስክሪፕት መነሻ ግን ጊት ላይ አልነበረም። ታርቦሉ ውስጥ ብቻ ነበር፣ ቢልድ ቱ ሆስት በሚባል የኤምፎር ፋይል። ጊቱን መስመር በመስመር ያነበበ ሰው ይሄን አያገኘውም።

ለምን ማንም አላየውም? በኦቶቱልስ (ኦቶሜክ ያለበት የመሣሪያዎች ስብስብ) የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ታርቦል ውስጥ ጊት ላይ የሌሉ ፋይሎች መኖራቸው የተለመደ ስለሆነ ነው። ኮንፊገር የሚባለው ስክሪፕት ራሱ በማሽን የሚወጣና በሺዎች የሚቆጠር መስመር ያለው ነው። እዚያ መሀል አንድ ተጨማሪ ፋይል ቢኖር ማን ዓይኑን ይጥላል?

ስለዚህ ታርቦል የምታወጡ ከሆነ ጊት ላይ ለዚያ ቨርዥን ከተሰጠው ታግ ጋር አወዳድሩት። ጊት ላይ የሌለ እያንዳንዱ ፋይል ምን እንዳወጣው መልስ ይኑራችሁ። የሌላ ሰው ሶፍትዌር ፓኬጅ የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ ከቻላችሁ በማሽን የሚወጡትን ፋይሎች ራሳችሁ አውጧቸው።

ታርቦሉን በጊት አርካይቭ የምታወጡ ከሆነም ሁለት ነገር እወቁ። ጊት አትሪቢውትስ ውስጥ ኤክስፖርት ኢግኖር የተባለ ነገር አይወጣም። የሰብሞጁል (ሪፖው ውስጥ የተጠቀሰ የሌላ ሪፖ) ይዘትም አይገባም፤ ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ነው የሚወጣው። "ክሎን ሳደርግ ቢልድ ይሆናል፣ ከታርቦሉ ግን እምቢ አለ" የሚል ቅሬታ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው።

አርፒኤም "የተጫነ ግን ፓኬጅ ውስጥ ያልገባ ፋይል አለ" ብሎ ቢልዱን አቆመብኝ።

ደግ አደረገ። አርፒኤም የስፔክ ፋይላችሁ (የፓኬጁ ቅንብር) ኢንስቶል የሚለው ክፍል ቢልድ ሩት በሚባለው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ያስቀመጠውንና ፋይልስ በሚለው ክፍል የጻፋችሁትን ያስተያያል። እዚያ ያለ ፋይል እዚህ ካልተጻፈ ያቆማል። ይሄን ምርመራ የሚያጠፋ ማክሮ አለ፣ ኢንተርኔት ላይም እንደ መፍትሔ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አትንኩት። ወይ ፋይሉን ዝርዝሩ ውስጥ ጻፉ፣ ወይ ኢንስቶል ክፍሉ መጨረሻ ላይ አጥፉት። ሁለቱም ውሳኔ ነው፣ ምርመራውን ማጥፋት ግን ውሳኔውን ለሌላ ቀን ማሳደር ነው።

ከዚህ ጋር አብራ የምትመጣ ሌላ ነገር፦ ፋይልስ ውስጥ የፎልደር ስም ብቻ ከጻፋችሁ ፎልደሩ ከነሙሉ ይዘቱ ነው የሚገባው። ፎልደሩን ብቻ ከፈለጋችሁ ፊቱ ላይ ዲር የሚለውን ምልክት ጨምሩ። ይሄን የማያውቅ ሰው ፎልደሩንም ውስጡ ያሉትንም ይጽፍና "ፋይሉ ሁለት ጊዜ ተዘርዝሯል" የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል። በተቃራኒው ደግሞ ውስጡ ያሉትን ብቻ ጽፎ ፎልደሩን የሚረሳ አለ። እንዲህ ሲሆን ፎልደሩ ባለቤት የለውም፣ ፓኬጁ ሲነቀል ባዶ ፎልደር እዚያው ይቀራል። የትርጉም ፋይሎችን በእጅ አትዘርዝሩ። ፋይንድ ላንግ የሚባለው ማክሮ ፈልጎ ዝርዝሩን ወደ ፋይል ይጽፍላችኋል፣ እናንተ ያንን ፋይል ትጠቅሳላችሁ።

ዴቢያን ላይስ?

ሐሳቡ ያው ነው። አንዱን ሶርስ ወደ ብዙ ፓኬጅ ስትከፍሉ እያንዳንዱ ፓኬጅ የራሱ ዶት ኢንስቶል ፋይል ይኖረዋል፣ ዲኤች ኢንስቶል በዚያ መሠረት ያከፋፍላል። የትም ያልተመደበ ፋይል ካለ ዲኤች ሚሲንግ ይይዘዋል፤ ከዴብሄልፐር (የዴቢያን ፓኬጅ መሥሪያ) ኮምፓት 13 ጀምሮ ማስጠንቀቅ ብቻ ሳይሆን ቢልዱን ያቆማል። አውቃችሁ የተዋችሁትን ኖት ኢንስቶልድ የሚባለው ፋይል ውስጥ ጻፉት። እኔ ይሄን ፋይል በጣም ነው የምወደው፦ "ረስተነው አይደለም፣ አንፈልገውም" የሚለው ነገር ተጽፎ ይቀመጣል።

አንድን ፋይል ከአንዱ ፓኬጅ ወደ ሌላው አዛወርኩ፣ አፕግሬድ ሲደረግ "የሌላ ፓኬጅ ፋይል ላይ ልጽፍ ነው" ብሎ ይወድቃል።

የዴቢያን ፓኬጅ ጫኚው ዲፒኬጂ ሁለት ፓኬጆች የአንድ ፋይል ባለቤት እንዲሆኑ አይፈቅድም። አዲሱ ፓኬጅ ቀድሞ ከተራገፈ ፋይሉ ገና የድሮው ፓኬጅ ንብረት ነው፣ ስለዚህ ይቆማል። መፍትሔው ፋይሉን የተቀበለው ፓኬጅ ላይ ብሬክስ እና ሪፕሌስስ ሁለቱንም መጻፍ ነው፣ ከዝውውሩ በፊት ያለውን ቨርዥን ጠቅሶ። ንጹህ ማሽን ላይ ብቻ የሚሞክር ሰው ይሄን ስህተት በጭራሽ አያገኘውም፣ ምክንያቱም የሚታየው ከድሮው ቨርዥን ወደ አዲሱ ሲኬድ ብቻ ነው።

ተጠቃሚው ያስተካከለው ኮንፊግ ፋይል አፕግሬድ ሲደረግ ጠፋበት። ጥፋቱ የማን ነው?

ፓኬጁን የሠራው ሰው ነው። ኮንፊግ ፋይል ዝርዝሩ ውስጥ እንደ ተራ ፋይል መግባት የለበትም። አርፒኤም ላይ ኮንፊግ ኖሪፕሌስ ተብሎ ከተጻፈ የተጠቃሚው ፋይል ባለበት ይቆያል፣ አዲሱ መጨረሻው አርፒኤምኒው ተብሎ አጠገቡ ይቀመጣል። ኮንፊግ ብቻ ከተባለ አዲሱ ቦታውን ይይዛል፣ የሰውየው አርፒኤምሴቭ ተብሎ ይቀመጥለታል። ዴቢያን ላይ ኢቲሲ ሥር የሚገባውን ፋይል ዴብሄልፐር ራሱ ኮንፍፋይል ያደርገዋል፣ ተጠቃሚው ከነካካው ደግሞ ዲፒኬጂ ይጠይቀዋል። ፕሮግራሙ እየሠራ የሚፈጥራቸው የሎግ ፋይሎች አርፒኤም ላይ ጎስት ተብለው ይጻፋሉ፦ ፓኬጁ ይዟቸው አይመጣም፣ ግን ባለቤታቸው እሱ ነው።

አንኢንስቶል ሲደረግ ፋይል ይቀራል፣ ወይም ከሚገባው በላይ ያጠፋል።

ሁለቱም የሦስተኛው ዝርዝር በሽታ ናቸው። ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ ጫኚው) ሲያጠፋ የሚያየው ዊሉ ይዞት የመጣውን ሬኮርድ የሚባል ፋይል ነው። ከፍታችሁ ብታዩት እያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር አለው፦ የፋይሉ መንገድ፣ የሻ256 አሻራው እና መጠኑ በባይት። የሬኮርድ የራሱ መስመር ላይ አሻራውና መጠኑ ባዶ ነው፤ ራሱን ሊመዝን አይችልማ። በድሮው ዲስትዩቲልስ የተጫነ ፓኬጅ ይሄ መዝገብ ስለሌለው ፒፕ "የትኞቹ ፋይሎች የእሱ እንደሆኑ በትክክል አላውቅም" ብሎ አላጠፋም ይላል። ትክክል ነው፣ እየገመቱ ፋይል ማጥፋት ጥሩ አይደለም።

ከሚገባው በላይ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ ኢንስቶለር ነው። ስክሪፕቱ ላይ "የተጫንኩበትን ፎልደር ከነሙሉው አጥፋ" የሚል አንድ መስመር ይጻፋል፣ ምክንያቱም አጭር ነው። ከዚያ አንድ ተጠቃሚ ሲጭን ሌላ ዕቃ ያለበትን ፎልደር ይመርጣል። አንኢንስቶል ሲል የሚሆነውን እናንተው ጨርሱት። የጫናችሁትን ፋይል አንድ በአንድ አጥፉ፣ በመጨረሻ ፎልደሩ ባዶ ከሆነ ብቻ አንሱት።

ሪሊዝ በወጣ ቁጥር ይሄን ሁሉ በዓይኔ ልፈትሽ?

አይ፣ ልዩነቱን ብቻ። የሚጠበቀውን ዝርዝር ፋይል አድርጋችሁ ሪፖው ውስጥ አስቀምጡ። ሲአይ (ኮድ በገባ ቁጥር በራሱ ቢልድና ቴስት የሚያስኬደው ሲስተም) ፓኬጁን ቢልድ ያድርግ፣ ዝርዝሩን ያውጣ፣ በስም ይደርድር፣ ከተቀመጠው ጋር ያወዳድር፣ ካልተመሳሰለ ይውደቅ። ዝርዝሩን ማደስ የፈለገ ሰው ከኮዱ ጋር አብሮ ኮሚት ያደርጋል፣ ሪቪው የሚያደርገው ሰውም ያየዋል። የሚታየው ነገር እንዲህ ያለ ነው፦

− መዝገብ/ቅጾች/ደረሰኝ.ኤችቲኤምኤል
+ መዝገብ/ቅጾች/ደረሰኝ_የድሮ.ኤችቲኤምኤል
+ መዝገብ/ሙከራ.ዲቢ

ሦስት መስመር ናት፣ ግን ሁለት ችግር ትናገራለች። አንድ ሰው አዲስ ቅጽ ሊሞክር የነበረውን ስሙን ቀይሮ አስቀምጦ ሳይመልሰው ኮሚት አድርጓል፤ ፕሮግራሙ ደረሰኝ ሲጠየቅ ይወድቃል። ሌላው ደግሞ የሙከራ ዳታቤዝ ነው፣ ማን ያውቃል ውስጡ የማን መረጃ እንዳለ። ኮዱን ብቻ የሚያነብ ሪቪወር ሁለቱንም ሊያልፋቸው ይችላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፐርል ላይ ማኒፌስት የሚባል ፋይል ከድሮ ጀምሮ ሁሉንም ፋይል በስም ይዘረዝራል፣ ሜክፋይል ዶት ፒኤል ሲሄድ "ዕቃው ሙሉ መሆኑን እያየሁ ነው" ብሎ ያረጋግጣል፣ የጎደለ ካለ በስሙ ይጠራዋል። ፍሪቢኤስዲ ላይ ፒኬጂ ፕሊስት የሚባለው ያው ነው። ሜክ ሜክፕሊስት የሚል ትዕዛዝ ዝርዝሩን ያወጣላችኋል፣ መመሪያው ግን ያወጣውን በእጃችሁ አስተካክሉ ይላል። ኦቶሜክ ላይ ሜክ ዲስትቼክ አለ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፦ ታርቦሉን ይፈታል፣ ሶርሱን እንዳይጻፍበት ይቆልፈዋል፣ ሌላ ፎልደር ላይ ቢልድ ያደርጋል፣ ቴስት ያስኬዳል፣ ይጭናል፣ ይነቅላል፣ የቀረ ፋይል ካለ ይጮሃል።

ዝርዝሩ በየቢልዱ ቅደም ተከተሉ ይቀያየራል። ችግር አለው?

ለተጠቃሚው የለውም፣ ለማረጋገጥ ግን አለው። ፋይል ሲስተም ፋይሎችን የሚሰጠው በስም ተራ አይደለም፣ ከማሽን ማሽን ይለያያል። ሁለት ሰው አንድ ኮድ ቢልድ አድርጎ አንድ ዓይነት ፓኬጅ እንዲወጣ ከተፈለገ ዝርዝሩ መደርደር አለበት። ሲደረደርም የማሽኑ ቋንቋ ቅደም ተከተሉን እንዳይቀይረው ሎካሉን ሲ አድርጉት። የጂኤንዩ ታር በስም የሚደረድር አማራጭ አለው። ሰዓቱን ሶርስ ዴት ኢፖክ ከሚባለው ቫርያብል ያንብብ፣ የባለቤት ቁጥሩን ዜሮ አድርጉት። ሁለት ፓኬጅ ለምን እንደተለያየ ሲቸግራችሁ ዲፎስኮፕ የሚባለውን መሣሪያ ሞክሩ፣ ውስጥ ድረስ ገብቶ ያሳያል።

ሊነክስ ላይ የሠራሁት ዊንዶውስና ማክ ላይ ስሞቹ ያስቸግራሉ።

በትልቅና በትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ፋይሎች አይኑሯችሁ። እነዚህ ሲስተሞች በተለምዶ እንደ አንድ ስለሚያዩአቸው አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ዊንዶውስ ላይ ኮን፣ ኦክስ፣ ነል የሚሉት ስሞች የተያዙ ናቸው፣ ኤክስቴንሽን ብትጨምሩም ያው። በጣም የተቆለለ ፎልደርም 260 ፊደል የሚለውን የድሮ ገደብ ሊነካ ይችላል። ስክሪፕት ካላችሁ ደግሞ የማስኬጃ ፈቃዱን እዩ፤ ዊንዶውስ ላይ የተሠራ ዚፕ ብዙ ጊዜ አይዘውም።

ቴስቶቹን ላስገባ? ላይሰንሱንስ?

ቴስት ሶርስ ታርቦሉ ውስጥ ይግባ፣ የሚጫነው ፓኬጅ ውስጥ አይግባ። ሶፍትዌራችሁን ለዴቢያን ወይም ለፌዶራ የሚያዘጋጅ ሰው ቢልዱ መሥራቱን የሚያውቀው ቴስቱን አስኪዶ ነው። ቴስት የሚባል ፎልደር ፓይተን ዊል ውስጥ ከፓኬጁ ፎልደር ውጪ ለብቻው ሲገባ ደግሞ ከሌላ ፓኬጅ ቴስት ጋር ይጋጫል።

ላይሰንስ ሁሉም ውስጥ ይግባ። ኤምአይቲ ላይሰንስ የመብት ማስታወቂያው ከእያንዳንዱ ኮፒ ጋር እንዲሄድ ይጠይቃል፣ አፓቼ 2.0 ደግሞ ኖቲስ የሚባል ፋይል ካለ አብሮ እንዲተላለፍ። የሌላ ሰው ላይብረሪ ገልብጣችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ ካስቀመጣችሁም የእሱ ላይሰንስ ፋይል ለብቻው ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እዩ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።